አስራ አንደኛው መጠይቅ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሱቅ ገብቶ መጠየቅ የሚቻለው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ነው?» እና «አትቀንስም?»። ሦስተኛ ጥያቄ ይዞ የገባ ሰው ወይ ግብር ሊገምት መጥቷል፣ ወይ ጤና የለውም። እኔ ሃያ ጥያቄ ይዤ ገባሁ።

ስሜ ኑርሃን ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዘጠኙን ዓመት በአንድ ሙአለ ሕፃናት ረዳት መምህር ሆኜ የሰው ልጅ አፍንጫ ስጠርግ፣ የጫማ ክር ሳስር ኖሬያለሁ። አምስቱን ዓመት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እየወጣሁ ማኔጅመንት በርቀት ተምሬያለሁ። ዘንድሮ አስተዳዳሪያችን ጡረታ ወጡና ቦታቸው ክፍት ሆነ። ማስታወቂያው ዲግሪ ይጠይቃል፣ ወሩ ሲያልቅም ይዘጋል። ለዲግሪው የቀረኝ አንድ አሳይመንት ብቻ ነበር። እሱን ካላስገባሁ ትምህርቱን በሚቀጥለው ዓመት እደግማለሁ፤ ቦታውንም ሌላ ሰው ይይዘዋል፤ እኔ አፍንጫ ስጠርግ አረጃለሁ።

አሳይመንቱ ሲነበብ ቀላል ነው። በአካባቢያችን ካሉ የንግድ ድርጅቶች አስሩን መርጠን ስለ ደንበኛ አያያዝ መጠይቅ ማስሞላት፣ ማህተም ማስደረግ፣ ውጤቱን ጽፎ ማምጣት። ዘመድ አይቻልም። መምህራችን አሰፋ ይህን ሲነግረን ክፍል ውስጥ ካፖርት ለብሶ ነበር። በሁለት ዓመት ያንሰኛል። እሱ ደብረ ብርሃን ላይ ካፖርት ለብሶ ያሰበውን እኔ ጣርማ በርን ወርጄ በቆላው ሙቀት ልሠራው ነው።

ሰኞ ከዓመት ፈቃዴ አምስት ቀን ወስጄ፣ የኮሌጁን ባለማህተም ደብዳቤ ክላሰር ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። መመሪያው «ራሳችሁን በሥርዓት አስተዋውቁ» ስለሚል ለምረቃ የገዛሁትን ጥቁር ጃኬት ደርቤያለሁ። በሮቢት ፀሐይ ጃኬት! የላይኛው ቁልፍ ወልቆ ስለነበር እናቴ ማታውኑ ተክላልኝ ነበር፤ ግን በቀይ ክር። ጥቁር ጃኬት በቀይ ክር። ስለ ክሩ ብነግራት «ይይዛል» አለችኝ፤ በዚያው ተዘጋ።

እናቴ ሙሀባ ጆንያ ሰፊ ናት። በገበያው መግቢያ ከኒሙ ዛፍ ሥር ትቀመጣለች። የተቀደደ ጆንያና ማዳበሪያ ከየወፍጮ ቤቱና ከየመጋዘኑ ትሰበስባለች፤ ታራግፋለች፣ ትጠግናለች፣ ለማሾና ለሽንኩርት ነጋዴዎች መልሳ ትሸጣለች። ፊደል ስለማትለይ የራሷን ሥራ የምታውቅበት መንገድ አላት፤ የጠገነችውን ጆንያ ሁሉ ጥጉ ላይ በቀይ ክር ሁለት ጊዜ ወግታ ትቋጨዋለች። ሥራ ሲበዛባት አግዛታለሁ። ሳግዛት ግን የሥራ ባልደረቦቼ እንዳያዩኝ ሁልጊዜ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ነው የምቀመጠው። እናቴ ይህን ታውቃለች፤ ተናግራኝ ግን አታውቅም።

«ወዴት ነው በዚህ ጃኬት?» አለችኝ ሳልፍ።

«የንግድ ድርጅት ፍለጋ።»

«አላህ ያገናኝሽ» አለችና መርፌዋን ቀጠለች።

መጀመሪያ የገባሁት የማሾ ነጋዴው የካሚል መጋዘን ነው። ደብዳቤውን ዘረጋሁለት። በእጁ አልነካውም፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ከሩቅ አየው።

«ምን ይላል?»

«ለትምህርት ነው። ለሚመለከተው ሁሉ ይላል።»

«እንግዲያው እኔን አይመለከተኝም» አለና ሚዛኑ ጋ ሄደ።

ቀጥዬ የግብርና መድኃኒትና ዘር የሚሸጡት ጋሽ ሳልህ ዘንድ ገባሁ። እሳቸው እንኳ ደህና ተቀበሉኝ፤ ተቀመጪ ብለው ጆንያ አሳዩኝ። ላብ በጀርባዬ እየወረደ ተቀመጥኩ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«ከኮሌጅ ነው የመጣሁት ጋሼ።»

«እሱን ተይው። የማን ልጅ ነሽ?»

«የመጣሁት ለጥናት ስለሆነ...»

«ኮሌጅ ነው የወለደሽ?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩላቸውን ሁሉ በአንድ ቃል መለሱልኝ። ደንበኛ ጨምሯል ወይ? አልሐምዱሊላህ። ቀንሷል ወይ? አልሐምዱሊላህ። ቅሬታ ሲመጣ በምን መንገድ ይፈታል? አልሐምዱሊላህ። መጠይቁ ላይ «አልሐምዱሊላህ» የሚል ሳጥን የለም። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሳጥን አለ፤ የትኛው ውስጥ እንደምከተው ጨንቆኝ ባዶውን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ እንዲህ አለቀ። ማክሰኞ ባሰ። ለካ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞሮታል፤ ጥቁር ጃኬት የለበሰች፣ ወረቀት የያዘች ሴት ገብታለች ተብሎ ተደዋውለዋል። አልፈርድባቸውም። በዚህ አገር ማህተም ያለው ወረቀት ይዞ «ደንበኛ እንዴት ነው?» የሚል ሰው ከመጣ ግምቱ ተከትሎት እንደሚመጣ ያውቃሉ። ግን ያኔ የፈረድኩት እንዴት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ! በአንድ ረድፍ ሰባት ሱቅ፣ ስደርስ ሰባቱም የቆርቆሮ በር አንድ በአንድ ተዘጋ። አንዱ በሩን ከዘጋ በኋላ ከውስጥ ሲያስነጥስ ሰማሁት። «ይማርህ» አልኩት።

ደብዳቤው አላሳመናቸው ይሆናል ብዬ ለረቡዕ ማህተሙ ጎልቶ እንዲታይ በቀለም ኮፒ አደረግሁት። ይህን ሞኝነቴን ዛሬም ሳስበው ራሴን መታ መታ ማድረግ ያምረኛል።

ረቡዕ እትዬ ዙልፋ የጨርቅ ሱቃቸውን ሊዘጉ በሩን ሲስቡ ደረስኩባቸው። እግሬን በሩ መሀል አስገባሁ። አዎ፣ ዘጠኝ ዓመት ሕፃናት ያስተማረች ሴት የሰው ሱቅ በር ላይ እግሯን ሰካች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። እትዬ ዙልፋ ሊቆጡ አፋቸውን ከፍተው ዓይናቸው አንገቴ ሥር ቀረ።

«ይሄን ቁልፍ ማን ተከለልሽ?»

«እናቴ።»

ጠጋ ብለው ክሩን በጣታቸው ያዙት። «ይሄማ የኑርሃን እናት ስፌት ነው!»

«አዎ፣ እናቴ ናት። ኑርሃን እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ ኑርሃን?»

«ደብዳቤው ላይ ተጽፏል እኮ እትዬ! ከሰኞ ጀምሮ ይዤው እየዞርኩ ነው!»

«ደብዳቤውን ማን አንብቦት?» አሉና በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። «ሱብሃነላህ! በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ አሉ። አንቺ ደግሞ ጭራሽ ኮሌጅ ነው የወለደኝ ትያለሽ? የኑርሃን እናት ልጅ ነኝ አትይም ነበር?»

አላልኩም። ሦስት ቀን ሙሉ «የማን ልጅ ነሽ?» ሲሉኝ ክላሰሩን ነበር የማሳያቸው። በኛ አገር ሰው መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ያ ጠፍቶኝ አይደለም። ጆንያ ሰፊ ማለት አፍሬ ነው።

እትዬ ዙልፋ ስልካቸውን አነሱ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማመን ያስቸግራል። በአንድ ከሰዓት አስሩም ተሞላ፤ ማህተሙም ተመታ፤ አንዳንዱ ሳልጠይቀው ሁለት ጊዜ መታልኝ። ካሚል እስከ መንገድ ወጥቶ ተቀበለኝ። ጋሽ ሳልህ «ይሄን ያህል ቀን ያንገላታሁሽ የኑርሃን እናትን ልጅ ነው?» ብለው ፓፓያ አስያዙኝ። በየገባሁበት የሚያስቀምጡኝ ጆንያ ላይ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥጉ ላይ ሁለት ቀይ ስፌት አለ። የሰኞውም፣ የጋሽ ሳልህ ጆንያ፣ እንደዚያው ነበር፤ አላየሁትም እንጂ።

ደስታዬ ግን እስከ ቤት ነው የቆየው። ቤት ገብቼ ወረቀቶቹን ስገልጥ ከአስሩ ሰው፣ ከሃያው ጥያቄ፣ ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ነው። ተራ ቁጥር አራት «ደንበኞቼ ከዓመት ዓመት እየጨመሩ ነው» ይላል፤ ካሚል በጣም ይስማማል። ተራ ቁጥር አስራ ሰባት «ደንበኞቼ ከዓመት ዓመት እየቀነሱ ነው» ይላል፤ ካሚል በጣም ይስማማል። በማግስቱ ሄጄ ለመንኩት።

«ካሚል፣ ሁለቱም ሊሆን አይችልም። አንዱን አልስማማም በል።»

ደረቱን ያዘ። «የኑርሃን እናትን ልጅ ፊት ለፊት አልስማማም ልበላት? ወላሂ አላደርገውም!»

ጋሽ ሳልህም እንደዚያው። እትዬ ዙልፋማ ጭራሽ ተቀየሙኝ። ማክሰኞ በሩን የዘጋብኝ ሰው ሐሙስ እውነቱን ሊነግረኝ አፈረ። ከክፋታቸውና ከደግነታቸው የትኛው እንደጎዳኝ እስካሁን አላወቅሁም።

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ወጣሁ። መምህር አሰፋ አስሩን ወረቀት በአንድ ደቂቃ ገለጠ።

«ይሄን ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው።»

«ኧረ አይደለም መምህር! ሱቅ ለሱቅ ዞሬ...»

«ሁለት መቶ መልስ፣ ሁለት መቶ በጣም እስማማለሁ። እንዲህ የሚስማማ አገር የት አለ?»

ልነግረው ሞከርኩ። ስለ ቀይ ክሩ፣ ስለ ፓፓያው፣ ስለ ነውሩ። ሰው እንደተያዘ የሚቀባጥረውን የምቀባጥር መሰለ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ መጠይቁን ካፌ ውስጥ በአራት ዓይነት እስክሪብቶ ራሱ ሞልቶት አይቻለሁ፤ አንዱን እስማማለሁ፣ አንዱን አልስማማም እያደረገ አሳምሮታል። እሱን «ጥሩ መረጃ ነው» አለው።

«እስከሚቀጥለው ቅዳሜ» አለኝ መምህር አሰፋ ካፖርቱን እየቆለፈ። «አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ እውነቱን የሚናገር ሰው ሞልቶልሽ ከመጣሽ ሌላውንም አምንሻለሁ። ካልሆነ ትደግሚያለሽ።»

ማስታወቂያው የሚዘጋው ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ባለው ሰኞ ነው።

ሚኒባሱ ጣርማ በርን አልፎ ሲወርድ፣ ብርዱ ለሙቀት ሲለቅ፣ ሮቢት ውስጥ ፊት ለፊት «አልስማማም» የሚል ሰው በሐሳቤ ፈለግሁ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ዞርኩት። አንድ ሰው ብቻ አገኘሁ፤ እሷም ቤቴ ናት። እናቴ በሕይወቷ ሙሉ በምንም ነገር ከማንም ጋር ተስማምታ አታውቅም። አባቴ ኢልያስ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዘመድ ተሰብስቦ ወደ ትውልድ ቀዬዋ ማጀቴ፣ ወደ ወንድሞቿ ትመለስ ብሎ ሲወስን አልመለስም ብላ በማግስቱ ኒሙ ሥር ተቀመጠች። አጣዬ የተቃጠለ ጊዜ እዚህ ለመጡት ሰዎች ጥላ እንዲሆን ጆንያዋን ሁሉ እየገጣጠመች ሰፍታ ስትሰጥ «ለራስሽ አስቀሪ» ቢሏት አልሰማችም። የማይረባ ጆንያ ይዞ የመጣን ነጋዴ፣ ስሙ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ «ይሄ ጆንያ አይደለም፣ ወንፊት ነው» ብላ ትመልሰዋለች።

እሑድ ጠዋት ክላሰሬን ይዤ ኒሙ ሥር ሄድኩ። ጃኬቱን ቤት ትቼዋለሁ።

«እማ፣ መጠይቅ ልትሞይልኝ ነው።»

ቀና አላለችም። «ስንት ድርጅት ዞርሽ?»

«አስር።»

«እኔ ስንተኛ ነኝ?»

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ድርጅት ፈልጊ ስባል የቆርቆሮ በር ያለውን፣ ማህተም ያለውን ሁሉ አየሁ። ያሳደገኝን አላየሁም። ዘመድ አይቻልም የሚለው መመሪያ እንኳ ትዝ ብሎኝ አይደለም የተውኳት። ጭራሽ አልመጣችልኝም። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«አስራ አንደኛ» አልኳት።

«አንብቢ» አለች።

«ደንበኛ ንጉሥ ነው።»

«ንጉሥ ቢሆን ጆንያ ፍለጋ እዚህ ምን ያመጣዋል? በጣም አልስማማም።»

«ለደንበኞቼ ሁልጊዜ ፈገግታ አሳያለሁ።»

«መርፌ በጥርሴ ይዤ? አልስማማም።»

«ተፎካካሪዎቼን በሚገባ አውቃቸዋለሁ።»

የያዘችውን ጆንያ አገላበጠች። «ተፎካካሪ የለኝም። አይጥ አለች፤ እሷ ደግሞ ሥራ ሰጪዬ ናት። እንደፈለግሽ አድርጊው።»

እየሳቅሁ ምልክት አደረግሁ። ተራ ቁጥር አስራ ዘጠኝ ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ።

«ለንግድ ሥራ ትምህርት ወሳኝ ነው።»

«በጣም አልስማማም።»

«እማ! ይሄ ሁሉ መከራ እኮ ለትምህርቱ ነው።»

«ጠየቅሽ፣ መለስኩ።»

«ታዲያ አምስት ዓመት ለምን ሂጂ ሂጂ አልሽኝ?»

«ለንግድ ብዬ መች አልኩሽ?» አለች። «ተነስተሽ እንድትሠሪ ብዬ ነው። እኔ ሃያ አምስት ዓመት ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ ጉልበቴን እይው። የመጨረሻውን አንብቢ።»

አነበብኩ። «ልጆቼ ይህን ሥራ እንዲረከቡኝ እፈልጋለሁ።»

«በጣም አልስማማም» አለች። «ሁለት ጊዜ ምልክት አድርጊበት።»

የቀረው የድርጅቱ ስም ነበር። ዘመድ አይቻልም የሚለው አሁን ትዝ አለኝና «ሙሀባ ጆንያ መሸጫ ልበል?» አልኳት፤ እንዲህ ቢጻፍ መምህሩ እናቴ መሆኗን በምን ያውቃል?

«እንዲህ የሚባል ሱቅ የለም። ገዢ ቢፈልገው አያገኘውም። ሰው የሚለውን ጻፊ።»

«ሰው የሚለውን ከጻፍኩማ ይይዘኛል፤ ይጥለኛል እማ።»

«እውነቱን የሚናገር ሰው አይደል የፈለገው?»

«የኑርሃን እናት» ብዬ ጻፍኩ። ማህተም የሚመታበትን ባዶ ቦታ አሳየኋት። ወረቀቱን ወሰደች፣ ጭኗ ላይ ዘረጋችው፣ ቀይ ክሯን በመርፌ ሰክታ ሁለት ጊዜ ወግታ ቋጨችው።

ቅዳሜ መምህር አሰፋ ያን አንድ ወረቀት ረጅም ጊዜ ያዘው። ቀዩን ክር በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ ከላይ ያለውን ስም አየ፤ የእኔን ስም አየ።

«ይቺ ኑርሃን አንቺ ነሽ?»

አንድ ቃል ብዋሽ አልፋለሁ። ኑርሃን በአገሩ ሞልቷል።

«እኔ ነኝ። እናቴ ናት። ጆንያ ሰፊ ናት» አልኩት። ስንት ጊዜ የፈራሁት ዓረፍተ ነገር ወጥቶ አለቀ።

«ዘመድ አይቻልም ብያለሁ።»

«ብለሃል።» መምህር ማለቱንም አንቱ ማለቱንም ረሳሁት። «ሮቢት ውስጥ አልስማማም የሚል ሰው አምጪ አልከኝ፤ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ከፈለግህ ውረድና ፈልግ። ካፖርትህን ግን አውልቀህ ና።»

እሱ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ተራ ቁጥር አስራ ዘጠኝ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ባለሁለት ምልክቱ ሃያኛው ላይ። አፉ ጥግ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ዘመድ አይቻልም ያልኩት ዘመድ ያደላል ብዬ ነበር» አለ። «እሳቸው አላደሉልሽም።» እስክሪብቶውን አወጣና ከቀዩ ክር ሥር ፈረመ።

ሰኞ ትምህርቴን መጨረሴን የሚያሳይ ጊዜያዊ ወረቀት አያይዤ ማመልከቻዬን አስገባሁ። የሥራው ነገር ገና አልተነገረም። ከዚያ በቀጥታ ኒሙ ሥር ሄድኩ፤ እናቴ ከቅዳሜ ጀምሮ መጠየቅ የፈለገችውን ያኔ ጠየቀችኝ።

«መምህርሽ ክሩን አልፈታውም?»

«አልፈታውም። ከሥሩ ፈረመበት።»

«ቸኩዬ ነበር የቋጨሁት» አለች ቅር ብሏት። «ወረቀት ክር አይይዝም።»

ከክምሩ አንድ ጆንያ ስቤ መርፌ አነሳሁ። ጋሽ ሳልህ በመንገዱ ሲያልፉ አዩኝና ቆሙ።

«ዛሬስ ከየት ነሽ? ከኮሌጅ?» አሉኝ ጮክ ብለው።

የተቀመጥኩት ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ ነበር።

«ከዚሁ ነኝ ጋሼ» አልኳቸው እኔም ጮክ ብዬ። «የኑርሃን እናት ልጅ ነኝ።»